ራጁ የተቆለፈበት ሳምንት

ማንጠግቦሽ ያርጋልን መጀመሪያ ያየኋት በግንቦት 1976 ዓ.ም. ደባርቅ መናኸሪያ ውስጥ፣ የቆርቆሮ ሣጥኗን ከአውቶቡስ ጣራ ላይ ከሚያወርደው ረዳት ጋር ስትከራከር ነው። ሊወረውረው ሲል እታች ትይዩ ቆመችና፣ ከወረወርኸው የሚያርፈው በእኔ ላይ ነው አለችው። ሰውየው እያጉረመረመ ተሸክሞ አወረደላት። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ጋቢና ስምንት ደብተር ነበር።

እኔ ስጦታ እባላለሁ፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። እንድቀበላት የላኩኝ የክሊኒካችን ኃላፊ አቶ ይግዛው ነበሩ። ክሊኒኩ ከአብዮቱ በፊት የአንድ ባላባት መኖሪያ ነበር፤ ሲወረስ ለጤና ተሰጠ። ትልቁ አዳራሽ በችፑድ ለሁለት ተከፍሎ፣ ወዲህኛው የእኔ ማዋለጃ ክፍል ሲሆን ወዲያኛው ባዶውን ይኖር ነበር። በሚያዝያ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር በእርዳታ የመጣ የራጅ መሣሪያ ተጭኖ ደረሰና እዚያ ባዶ ክፍል ገባ። የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ በሸራ እንደ ተሸፈነ፣ ሰው ሲጠብቅ ከረመ። የሚጠብቀውም እሷን ነበር።

አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቤት ተከራየን። ባለቤቴ አስተማሪ ስለሆነ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጃናሞራ ሄዶ ነበር፤ እኔ ሁለተኛ ልጄን አርግዣለሁ። እሑድ እሑድ ልብስ ስናጥብ የጎንደር ትምህርቷን ታወራልኛለች።

የዳባት ልጅ ናት። አባቷ ገብስና ባቄላ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ሦስት ዓመት ድሬሰር ሆና ቁስል ስታጥብ ከቆየች በኋላ፣ ጎንደር ላይ የራጅ ሥልጠና መከፈቱን ሰማች። አሥራ ስድስት ወንድ ተመርጦ ነበር፤ እሷ አሥራ ሰባተኛ ሆና ገባች። የመጀመሪያው የፊዚክስ ፈተና ላይ ከመቶ ሠላሳ አንድ አገኘች። አንድ አስተማሪ ጠርቷት፣ ፊዚክስ ለሴት ይከብዳልና ወደ ነርስነት ብትዛወሪ ይሻልሻል አላት። «መክበዱን እኔም አይቻለሁ» አለችው። «ሴትነቴ ግን ከየትኛው ጥያቄ ላይ እንዳሳተኝ ያሳዩኝ።» የፈተና ወረቀቷን ይዛ ወጣችና እያንዳንዱን የተሳሳተችውን ጥያቄ ሃያ ሃያ ጊዜ ሠራችው።

የጨረር ፊዚክስ የሚያስተምሯቸው አቶ ሀብተ ሚካኤል የሚባሉ ሰው ነበሩ። ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት የላቸውም። በወጣትነታቸው የተሰበረ ክንድ ራጅ ሲያነሱ በሽተኛው እንዳይንቀሳቀስ በገዛ እጃቸው ይይዙ ነበር። ለዓመታት ምንም አልሆኑም። ከዚያ ቆዳው ደረቀ፣ ተሰነጠቀ፣ ቆሰለ፤ ቁስሉ አልድን ሲል ጣቶቹ ተቆረጡ። ትምህርቱን ሲጀምሩ ያንን እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ይህ እስኪገባችሁ ሌላው አይገባችሁም ይሉ ነበር አለችኝ።

ያስተማሯት ነገር በእሷ አንደበት ሲነገር ቀላል ነው። ራጅ ብርሃን ነው፤ ግን ጉልበቱ የበረታ ብርሃን። ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን መንግሎ ይጥላል። ሥጋን አልፎ ይሄዳል፤ አጥንት ግን ካልሲየም ስላለበት ይይዘዋል። ያለፈው ፊልሙን ያጠቁረዋል፣ የተያዘው ነጩን ይተወዋል። ሥጋውን ሲያልፍም ዝም ብሎ አያልፍም፤ ጥቂቱ እዚያው ይቀራል፣ የቀረው ጥቂት ደግሞ በማደግ ላይ ያለን ነገር አብልጦ ይጎዳል። አቶ ሀብተ ሚካኤል ርቀትን ሲያስረዱ ዘሪን ይጠሩ ነበር። ዘሪ አንድ ጭብጥ ገብስ እግሩ ሥር ቢበትን ዘሩ ይወፍራል፣ አርቆ ቢበትን ይሳሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ሩብ ይሆናል። ማንጠግቦሽ እጇን አውጥታ፣ ለምን ግማሽ አይሆንም አለች። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ጠመኔና ሲባጎ ሰጥተው ወለሉ ላይ ራሷ እንድትሥለው አደረጉ። ስትጨርስ ሩቡን አገኘችው። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ሊያቆማት አልቻለም። ሥልጠናውን ሁለተኛ ወጥታ ጨረሰች።

ደባርቅ በደረሰች በአምስተኛው ሳምንት መሣሪያውን የሚተክል ሰው ከሩቅ መጣ። በሁለት ቀን ተክሎ፣ ከጄኔሬተሩ ጋር አገናኝቶ ሄደ። ደረት የሚነሳበትን ማቆሚያ ያስጠጋው ከችፑዱ ጋር ነበር። ስለዚህ ጨረሩ ከመሣሪያው ወጥቶ፣ የቆመውን ሰው አልፎ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ እኔ ማዋለጃ ክፍል ነው። ከመሣሪያው ጋር ለግድግዳ የሚሆን፣ ጨረር የሚያቆም የእርሳስ ብረት ሉህ እንደ ተላከ ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል፤ ማንጠግቦሽ ሣጥኑን ሁሉ ብትገለብጥ የለም። በመንገድ ይቅር፣ ከመጀመሪያውም አይጫን፣ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ለአቶ ይግዛው ደብዳቤ ጻፈች። ክፍተቱን፣ ርቀቱን፣ ችፑዱ ጨረርን ከወረቀት ብዙም በተሻለ እንደማያቆም ዘርዝራ ሰጠቻቸው። ደብዳቤው መሳቢያ ገባ። ሁለተኛ ጻፈች። ሦስተኛ ጻፈች። አቶ ይግዛው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን አምስት ልጆች አሏቸው፣ ወቅቱም ደብዳቤ ወደ ላይ የሚላክበት አልነበረም። አሥረኛው የአብዮት በዓል መስከረም ሁለት ይከበራል። ከዚያ በፊት ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉት ስድስት መቶ ወጣቶች ሳንባቸው በአዲሱ መሣሪያ ታይቶ መጨረስ አለበት ተብሏል። ይህን የሚያስፈጽመው የአውራጃው ካድሬ ጓድ ሻረው ነበር።

እኔም ብሆን አላመንኋትም። ነፍሰ ጡር አይደለሽ እንዴ፣ ከክፍሉ ውጪ ስትለኝ ተቆጣሁ። እናቶች ከስንት ሰዓት መንገድ በቃሬዛ ተሸክመው ይመጣሉ፤ በማይታይ ነገር አስፈራርቼ ወዴት ልመልሳቸው አልኋት። ስትሰማኝ ቆየችና፣ እንግዲያው እናሳየው አለች።

በነሐሴ ስምንት ቀን የመጀመሪያዎቹ አርባ ምልምሎች መጡ። በማለዳ ወደ ክፍሌ ገብታ፣ ወለሉ በመድኃኒት ይታጠባል በሚል ሁለቱን ወላዶቼን ወደ ካርድ ክፍል እንዳወጣ ለመነችኝ። እያጉረመረምሁ አወጣኋቸው። ከዚያ ፊልም የታሸገበት ጠፍጣፋ ማቀፊያ ይዛ መጣች፤ ካሴት ይሉታል። እትብት የምቆርጥበት መቀስ ችፑዱ ላይ ባለ ምስማር ተሰቅሎ ይውል ነበር። መቀሱን ሳትነካ ካሴቱን በላዩ ላይ አንጠለጠለችው፤ መቀሱ በችፑዱና በካሴቱ መካከል ሆነ። በሩን ዘጋችና ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። እስክመጣ ማንንም አታስገቢ አለችኝ።

አርባው ወጣት አንድ በአንድ ደረቱን ገልጦ ተነሳ። ስትጨርስ ካሴቱን አውርዳ ጨለማ ክፍል ገባች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ፣ ውኃ የሚንጠባጠብ ፊልም በሁለት ጣቶቿ ይዛ ወጣችና መስኮቱ ላይ ዘረጋችልኝ።

ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር። መሐሉ ላይ መቀሴ አለ። ስለቱ፣ ጣት ማስገቢያ ቀለበቱ፣ ሁለቱን የሚያያይዘው ብሎን ሳይቀር፣ ነጭ ሆኖ እንደ አጥንት ተሥሏል።

«ይህ የስንት ሰው ነው?» አልኋት።

«የአርባ።»

«የሚቀሩትስ?»

«አምስት መቶ ስድሳ። እነሱ ሲያልቁ ደግሞ ሌላ ይመጣል።»

ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጥሁ። ሆዴን በሁለት እጄ መያዜን ያወቅሁት እሷ ስታየኝ ነው። ወላዶቼ የሚተኙት ራሳቸውን ወደዚያ ግድግዳ አድርገው ነበር። ጡት እያጠቡ ጀርባቸውን የሚያስደግፉትም እዚያው ነው። በስድስት ዓመት ሥራዬ ያን ቀን ያህል አፍሬ አላውቅም፤ ስላላመንኋት ነው ያፈርሁት።

ማንጠግቦሽ ወደ ክፍሏ ተመልሳ የመሣሪያውን መቆጣጠሪያ ቆለፈችው። ቁልፉን ከአንገቷ ማተብ ጋር አሰረችና ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። በሩ ላይ በወረቀት፣ የድንጋይ ወይም የእርሳስ ግድግዳ እስኪሠራ ራጅ አይነሳም፣ ብላ ጽፋ ስሟንና ፊርማዋን አኖረች። ስምሽን ባትጽፊ ምን ነበረበት አልኋት። ያለ ስም የተጻፈ ነገር አሉባልታ ነው አለችኝ።

በማግስቱ ጓድ ሻረው ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣ። ሃምሳ ምልምል ግቢው ውስጥ በዝናብ ቆሟል። ወረቀቱን አነበበና አስጠራት። አቶ ይግዛው ከኋላው ቆመው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ።

«መሣሪያው ተበላሽቷል?» አላት።

«መሣሪያው ደኅና ነው፤ ቤቱ ነው የማይሆነው» አለችው፤ ፊልሙንም ሰጠችው።

ወደ መስኮቱ አንስቶ ብዙ አየው። ቀስ ብሎ፣ መቀስ ነው አለ። አዎ፣ መቀሱ ያለው ግን ከግድግዳው ወዲያ ነው፣ እናቶቹ ከሚተኙበት አለችው።

«የሞተ ሰው አለ?»

«ዛሬ የሚሞት የለም። የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማንም ከዚህ ግድግዳ ጋር አያገናኘውም።»

ጓድ ሻረው ፊልሙን ዝቅ አደረገ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነበር። «እንግዲህ የማይታይ፣ የማይሸት፣ የማይሰማ ነገር ሰው ይጎዳል ትይኛለሽ። ይህ የደብተራ ትምህርት ነው እንጂ ሳይንስ አይደለም።»

«ሳይንሱን እጅዎ ላይ ይዘውታል» አለችው።

ወላዶቹና አስታማሚዎቻቸው፣ ካርድ የሚጠብቁትም በረንዳው ላይ ወጥተው ቆሙ። ጓድ ሻረው ቁልፉን አምጪ አላት። አንገቷ ላይ እንዳለ፣ ከማተቧ ጋር እንደ ታሰረ፣ የሚፈልገው ሰው ማተቧን በጥሶ ሊወስደው እንደሚችል ነገረችው። ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው የደባርቅ ልጅ ነው፤ እናቱ በረንዳው ላይ ከቆሙት መካከል ነበሩ። ጓድ ሻረውም ዙሪያውን አየ። ማተብ መበጠሱ ቢቀር ይሻላል ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ውሰዷት ብቻ ብሎ ወጣ። ደግሞስ ቁልፉን ቢያገኘው ከእሷ በቀር መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ከደባርቅ እስከ ዳባት አልነበረም።

የቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ አሰሯት። እኔ እስከ በሩ ሸኝቻት ወደ ክሊኒኩ ተመለስሁ። ከዚያ የሠራሁትን አስቤ የሠራሁት አይመስለኝም። ሁለቱን የማዋለጃ አልጋዎች ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር እየጎተትሁ አቶ ይግዛው ቢሮ አስገባኋቸው። ጠረጴዛቸውን ወደ ኮሪደሩ አወጣሁት። አቶ ይግዛው መጥተው ሲያዩ፣ ምን እያደረግሽ ነው አሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም እናት አላስተኛም፤ ሊያባርሩኝ ከፈለጉ ያባርሩኝ፣ ግን ምጥ የያዛት ሴት ቢሮዎ ውስጥ አለች፣ መጀመሪያ እሷን አዋልጄ ልምጣ አልኋቸው። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ሦስቱን ደብዳቤዎች አውጥተው ሰጡኝ። ቀኑ ተጽፎባቸዋል፣ አይጥፉብሽ አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ያቺ ምጥ የያዛት ሴት አረጋሽ ትባላለች። ባሏ ገሠሠ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ከኮሶዬ እስከ ደባርቅ የእሱ እጅ ያላረፈበት የድንጋይ ቤት ጥቂት ነው። ወንድ ልጅ ወለደች። ገሠሠ ልጁን አይቶ ሲወጣ መቀሱ ያለበትን ፊልም አሳየሁት። ረጋ ያለ፣ ቃሉን እየመዘነ የሚናገር ሰው ነው። ያቺን ልጅ ምን አድርጋ አሰሯት አለኝ። ነገርሁት። የሚያስፈልጋት ምንድን ነው አለኝ። ግድግዳ ነው አልሁት።

«ድንጋይ እኛ ዘንድ ሞልቷል። ውፍረቱን ትንገረኝ» አለ።

ምሳዋን ይዤ መጋዘኑ ሄድሁና ጠየቅኋት። ስትሰማ ፊቷ በራ፤ ወዲያው ግን ተከዘች። መጽሐፏ ላይ ያለው ሠንጠረዥ የሚናገረው ስለ እርሳስና ስለ ኮንክሪት ብቻ ነው፤ የደባርቅ ጥቁር ድንጋይ የለበትም። በግምት አልናገርም አለች። ትንሽ አሰበችና የማደርገውን አስረዳችኝ። ደብተሯንና እርሳሷንም እንዳመጣላት አዘዘችኝ።

ክሊኒክ ተመልሼ ገሠሠ ያመጣውን ጥቁር ድንጋይ የሕፃናት ሚዛን ላይ አስቀመጥሁት። አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ከዚያ ባልዲ እስከ አፉ ውኃ ሞልቼ ሰፊ ሳፋ ውስጥ አቆምሁትና ድንጋዩን ቀስ አድርጌ አጠለቅሁት። የፈሰሰውን ውኃ በመስፈሪያ ለካሁ። አንድ ሊትር ተኩል ሆነ። ገሠሠ ጎኔ ቆሞ ይህን ሁሉ አየ። ቁጥሮቹን በማግስቱ ስወስድላት አካፈለቻቸው፤ ሁለት ነጥብ ስምንት መጣ። ከኮንክሪት ይበልጣል፣ ድንጋያችን ከኮንክሪት ይከብዳል እያለች ሳቀች። መጋዘኑ በር ላይ የቆመው ጠባቂ ምን ሆነች ብሎ አንገቱን አስገባ።

ማታውን ስትሠራ አድራ ውጤቱን ሰጠችኝ። አንድ ክንድ ውፍረት፣ ከወለል እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ። የሚበቃው ከዚያ ያንሳል፤ እሷ ግን ጭቃው ከድንጋዩ ስለሚሳሳ ጨመረችበት። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቃ አዘዘች። የድንጋዩ መጋጠሚያ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ቀጥ ብሎ እንዳያልፍ፤ ጨረር ቀዳዳ ካገኘ እንደ ውኃ አይጠማዘዝም፣ ቀጥ ብሎ ይገባል። ገሠሠ ይህን ሲሰማ፣ ይህንንማ ደኅና ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል፣ ልጅቱ ግንበኛ ናት አለ።

ወንድሞቹንና አማቾቹን ይዞ መጣ። ድንጋዩን ከፈረሰ አጥር እየለቀሙ በአህያና በትከሻ አመጡት። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ አያባራም፣ ጭቃው እግር ይይዛል። የወላዶቼ አስታማሚዎች ድንጋይ እየተቀባበሉ አቀበሉ። ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ግድግዳው አገጬ ሲደርስ ጓድ ሻረው መጣ። ይህን ማን ፈቀደ አለ። አቶ ይግዛው ከኮሪደሩ ጠረጴዛቸው ተነሡ፤ ገሠሠ ግን ቀደማቸው። እጁን በቁምጣው ጠርጎ፣ «ጓድ፣ ለአሥረኛው ዓመት በዓል ሕዝቡ በራሱ ተነሣሽነት ያደረገው ልማት ነው» አለ። «አፍርሱት ካሉን እናፈርሳለን። የልማት ሥራ አፍርሱ ተባልን ብለን ግን ማመልከታችን አይቀርም።» ጓድ ሻረው ግድግዳውን አየ፣ የተሰለፈውን ሰው አየ። አፍርሱ አላለም።

በታሰረች በሳምንቷ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል። ማንጠግቦሽን ከመጋዘኑ አምጥተው መድረኩ ፊት አቆሟት። የእህል ገለባ ቀሚሷ ላይ ተጣብቋል። ጥፋቷን በራሷ አንደበት እንድትናገር፣ ከተጸጸተች አብዮታዊው መንግሥት ሆደ ሰፊ እንደሆነ ተነገራት። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ነበርሁና በልቤ፣ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ በይና ይለፍ እያልሁ ነበር። ግድግዳው ቆሟል፤ ከዚህ በኋላ ምን ያደርግላታል?

«ጥፋት አለብኝ» ብላ ጀመረች። «ጥፋቴ ሦስት ደብዳቤ ጽፌ መልስ መጠበቄ ነው። በመጀመሪያው ቀን መቆለፍ ነበረብኝ። ይህን አምናለሁ። ሌላ ጥፋት ግን የለብኝም። ሁለት ዓመት መንግሥት ያስተማረኝ ይህንን እንዳውቅ ነው፤ ያወቅሁትን እንዳላውቅ ሁኚ ካላችሁኝ መጀመሪያውንም ባታስተምሩኝ ይሻል ነበር። ጨረሩ የማንን መታወቂያም አይጠይቅም። የገበሬ ሚስት ብትሆን፣ የካድሬ ሚስት ብትሆን፣ ከግድግዳው ወዲያ ከተኛች ያልፍባታል። ነገ ሌላ ቦታ ብትልኩኝና ግድግዳው ችፑድ ቢሆን፣ እዚያም እቆልፋለሁ።»

ተቀመጪ ሳትባል ተቀመጠች።

ከወንበሬ ተነሣሁ። እኔም ግለ ሂስ አለኝ አልሁ። አለቃዬን ከቢሮው ያስወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከሁሉ በፊት ያጠፋሁት ግን እሷ ስትነግረኝ ባለማመኔ ነው አልሁ። ሦስቱን ደብዳቤዎች አውጥቼ ከነቀናቸው አነበብሁ። አቶ ይግዛው ከጎኔ ሆነው፣ ደብዳቤዎቹ ለእኔ ደርሰውኛል፣ እውነት ነው አሉ። ድምፃቸው ለመስማት እስኪያስቸግር ዝቅ ያለ ነበር፤ ተሰማ ግን።

ከአውራጃው የመጡት ሰዎች ለብቻቸው ወጥተው ተነጋገሩ። በዓሉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ አምስት መቶ ስድሳ ሳንባ ይጠብቃል። ማንጠግቦሽ በከባድ ማስጠንቀቂያ ተለቀቀች። ከበዓሉ በኋላ ወደ አዲ አርቃይ፣ ራጅ ወደ ሌለበት የጤና ኬላ እንድትዛወር ተወሰነ።

በማግስቱ መጀመሪያ ያደረገችው ካሴት ይዛ ከድንጋዩ ግድግዳ ወዲህ መስቀል ነው። ክፍሌ ገና ባዶ ሳለ አርባ ሰው አነሳች። ፊልሙ ሲታጠብ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ወጣ፤ አንድ ጥላ የለበትም። ከዚያ በኋላ ነው አልጋዎቼን ወደ ቦታቸው እንድመልስ የፈቀደችልኝ። ምልምሎቹን በአሥራ አራት ቀን ጨረሰች። ጎንደር ያለው ሐኪም ፊልሞቹን ሲያይ አሥራ አንዱ ላይ የሳንባ ነቀርሳ አገኘና ለሕክምና ተመለሱ። ከአሥራ አንዱ የአንዱ እናት አንድ እንቅብ ባቄላ ይዘው መጥተው አልቀበልም ብትላቸው በሯ ላይ ትተውት ሄዱ።

መስከረም ሃያ የሚተካት ሰው መጣ። መንግስቴ ይባላል፤ በቅርቡ ሠልጥኖ የወጣ፣ ትሑት ሰው ነው። ጓድ ሻረው ራሱ ይዞት መጥቶ ቁልፉን አስረክቢ አላት። ሦስት ጥያቄ ልጠይቀው፣ ከመለሰ አስረክባለሁ አለች። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ስንት ይሆናል አለችው፤ ሩብ አለ። ለምን ብላ ጠየቀችው፤ አስረዳ። ሦስተኛውን ስትጠይቀው፣ ይህ ግድግዳ እንደሚበቃ በምን አወቅህ አለችው።

«ይበቃል ብለው ነግረውኛል» አለ።

«የነገሩህን አትመን። እኔንም አትመነኝ።»

የዝውውር ደብዳቤው በኪሷ እያለ ዘጠኝ ቀን ቆየች። መንግስቴ ራሱ ድንጋይ መዘነ፣ ራሱ ውኃ ለካ፣ ራሱ ካሴት ሰቅሎ ፊልሙን አጠበ። ጓድ ሻረው ሁለት ጊዜ ሰው ላከ፤ አልጨረስንም እያለች መለሰችው። በአሥረኛው ቀን ቁልፉን ከማተቧ ፈትታ ለመንግስቴ ሰጠችውና ሊማሊሞን በሚወርድ የእህል መኪና ላይ ከነሣጥኗ ተሳፍራ ሄደች።

እኔ በኅዳር አጋማሽ ሴት ልጅ ወለድሁ። ደኅና መሆኗን ጽፌ ላክሁላት። መልሷ በሁለት ሳምንት ደረሰኝ። አንድ ገጽ ሙሉ ነው፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚለው ከታች በጠባቧ ቦታ ላይ ተጽፏል። የቀረው ሁሉ ስለ መንግስቴ ነው። ካሴቱን በየወሩ እየሰቀለ ነው ወይ፣ ከዝናቡ በኋላ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ አለ ወይ፣ አንቺስ ፊልሙን በዓይንሽ ታያለሽ ወይ ትላለች። ልጄን አዝዬ ወደ ክሊኒኩ ሄድሁና የኅዳሩን ፊልም መስኮቱ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ንጹሕ ነበር። ያንኑ ጻፍሁላት።